የፊት ወንበር ጥያቄና የተሰጠው ምላሽ

በትምህርት ታሪክ ውስጥ ብዙ ታላላቅ ጉዞዎች ተመዝግበዋል። ተገቢውን ክብር ሳያገኝ የቀረው ግን በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት፣ በሦስተኛ ክፍል ውስጥ የተካሄደው ጉዞ ነው። ርቀቱ አምስት ሜትር ገደማ ሲሆን ከመስከረም እስከ መጋቢት ፈጅቷል። ተጓዧ የዘጠኝ ዓመቷ ሊያ ታደለ ነበረች፤ መነሻዋ የኋላ ወንበር፣ መድረሻዋ የፊት ወንበር። መንገዱን ያስረዘመው የማንም ክፋት አይደለም። ሥራ ነው ያስረዘመው፤ ብዙ፣ እጅግ ብዙ ሥራ።

የሊያ አባት ታደለ የመዘዞ ልጅ ነው። ከተማ ገብቶ በብርድ ልብስ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ከተቀጠረ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። እዚያ ማሽኖቹ ከተነሡ ጆሮ ሥራ ይፈታል፤ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት ፊት ለፊት ቆመው፣ የአንዱን ከንፈር ሌላው እያየ ነው። እናም አንድ የክረምት ቀን ቤቱ ተቀምጦ ሲያወራ፣ ሊያ ዓይኗን ከአፉ ላይ ሳትነቅል ስታዳምጠው ልቡ ደነገጠ። የሥራ ባልደረቦቹን መሰለችው።

ሐኪም ቤት ወሰዳት። ግራ ጆሮዋ ጨርሶ አይሰማም፤ ቀኙ ግማሽ ያህል ይሰማል። ሐኪሙ ለትምህርት ቤቱ ሁለት መስመር ጻፈላት፦ «ከፊት ትቀመጥ። መምህራን ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ይናገሩ።» ታደለ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ሲከት ደስ አለው። መድኃኒት የለው፣ መሣሪያ የለው፣ ወጪ የለው! ነገሩ ነፃ ስለሆነ ቀላል መስሎት ነበር፤ አይፈረድበትም፣ የፋብሪካ ሰው ነው።

መስከረም ላይ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ (ይህ ጽሑፍ እስከተጠናቀቀበት ሰዓት ድረስም ስብሰባ ላይ ናቸው) የተቀበሉት ምክትላቸው አቶ ሰይፈሥላሴ ነበሩ። ሁለቱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ ታደለ፣ ይህ ጥያቄ ወቅታዊ ነው» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ወቅታዊ ብቻም አይደለም። ዘርፈ ብዙ ነው።»

«ወንበር መቀየር ብቻ ነው እንጂ…»

«ወንበር አይበሉት! ወንበር ሲሉት ጉዳዩ ያንሳል። አካታችነት ይበሉት።»

ታደለ ቃሉን አንድ ሁለቴ በአፉ አገላበጠው። «እንግዲያው አካታችነቷን ለነገ ከፊት ታደርጉልኛላችሁ?»

አቶ ሰይፈሥላሴ በትዕግሥት ፈገግ አሉና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ ማኅተም ያረፈበት ሠንጠረዥ አሳዩት። የትምህርት ቤቱ ኩራት ነው። ተማሪዎች የሚቀመጡት በውጤታቸው ነው፤ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ የወጡት የመጀመሪያው ረድፍ፣ ቀጣዮቹ አሥር ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ ስድስተኛው ይወርዳል። ሊያ ባለፈው ዓመት ከስልሳ ተማሪ ሃምሳ ሦስተኛ ወጥታለች።

«ስለማትሰማ እኮ ነው ውጤቷ የወረደው» አለ ታደለ።

«ከፊት እንድትቀመጥ ውጤቷን ታሻሽላ።»

«ውጤቷን እንድታሻሽል ከፊት ትቀመጣ።»

«አዩ!» አሉ ምክትሉ እጁን ለመጨበጥ እየተነሡ፤ «ተግባባን። በሉ በጽሑፍ ያቅርቡት።»

በእርግጥም ድልድሉ እንከን የማይወጣለት ነበር። የሚሰማ ይቀርባል፣ የማይሰማ ይርቃል፤ ማንም ማንንም አይረብሽም።

ታደለ በጽሑፍ አቀረበ። ማመልከቻው ለክፍል ኃላፊዋ ለመምህርት ዘነበች ተመራ። እሷም አንብባ «እኔ ዛሬውኑ ባዛውራት ደስ ይለኛል፤ ሠንጠረዡ ግን የአስተዳደሩ ነው» ብላ ወደ ምክትሉ መለሰችው። ምክትሉ ጥቅምትን ሙሉ አጠኑትና ኅዳር ላይ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ተጠሪው ለመምህር ገብረአብ አስተላለፉት።

መምህር ገብረአብ የስፖርት መምህር ነው። ተጠሪ የሆነው ሦስት ቀን ሠልጥኖ፣ ቦርሳና ኮፍያ ተሸልሞ ስለተመለሰ ነው። ጉዳዩ በእጁ እንደገባ ጊዜ አላባከነም። ሊያን ሜዳ አወጣት፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞራት፣ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቆጠረና ፊሽካውን በሙሉ ሳንባው ነፋው። ከባሕር ዛፉ ላይ ወፎች ተነሡ፤ በመንገዱ የሚያልፍ የጋሪ ፈረስ ደንብሮ ባለጋሪውን አስጮኸ። ሊያም ዞረች።

ሪፖርቱ በማግሥቱ ቀረበ፦ «ተማሪዋ በተደረገላት ሙያዊ ምርመራ ለቀረበላት ድምፅ አፋጣኝ ምላሽ ሰጥታለች።»

ታደለ ይህን ሲነግሩት ገብረአብን ፈልጎ አገኘው። «መምህር፣ እንደው ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ትምህርት ቤት ሒሳብ በፊሽካ ነው የሚሰጠው?»

ገብረአብ ቅን ሰው ስለሆነ በጥሞና አሰበበት። «እሱን አላውቅም» አለ፤ «እኔ ስፖርት ነኝ።»

አባትየው ግን መመላለሱን አልተወም። የፈረቃ ለውጥ በሆነ ቁጥር ከነሥራ ልብሱ በሩ ላይ ይገኛል። በዚህም የተነሣ አስተዳደሩ «ከወላጅ ጋር ያለን ግንኙነት እጅግ ተጠናክሯል» ብሎ ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ። ጥር ላይም ትልቁ ምላሽ መጣ፤ በባለቀለም ሽፋን የተጠረዘ፣ አሥራ ሁለት ገጽ ያለው የሊያ ታደለ ግላዊ የትምህርት ዕቅድ። ታደለ ቤት ወስዶ ለሚስቱ ለብርቱካን አነበበላት፦

«ዓላማ አንድ፦ የተማሪዋን የመስማት አቅም ከሃምሳ ወደ ሰባ አምስት በመቶ ማሳደግ። የጊዜ ገደብ፦ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ። ፈጻሚ፦ ተማሪዋ። ተባባሪ፦ ወላጅ። ሊያጋጥም የሚችል ስጋት፦ ተማሪዋ ላትተባበር ትችላለች።»

«ስለ ወንበሩስ ምን ይላል?» አለች ብርቱካን።

ታደለ አሥራ ሁለቱንም ገጽ አገላበጠ። «ወንበር የሚል የለም።»

«በል እንግዲህ ለጆሮዋ አንብብለት፤ ዕቅዱን ይወቀው።»

የመንፈቁ ውጤት ሲወጣ ሊያ ሃምሳ ስምንተኛ ሆነች። በድልድሉ መሠረት እዚያው ስድስተኛው ረድፍ ላይ ወደ ጥጉ፣ ነፋስ ወደሚያስገባው በር አጠገብ ተዛወረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አታወራም። ታደለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀመጠና ፊቷን ወደ ፊቱ አዞረው።

«ምን ሆነሻል፣ የኔ እናት?»

«አባዬ፣ ደደብ ነኝ?»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ማንም። ወይ ብለውኝም ከሆነ አልሰማሁም።» እርሳሷን አስቀመጠች። «ቲቸር ዘነበች ስታስረዳ ወደ ሰሌዳው ዞራ እየጻፈች ነው። ከንፈሯ አይታየኝም። ጀርባዋን አየዋለሁ፣ አየዋለሁ… ምንም አይልም።»

እዚህ ላይ ተራኪው የሚያሞግሰው ነገር ለጊዜው አጥቷል። ታደለ ለሰኞ ከአለቃው ፈቃድ ጠየቀ።

አቶ ሰይፈሥላሴ አጽናኑት። «ክፍል ብትደግም እንኳ አይደናገጡ» አሉት፤ «ዕቅዱን ለሁለተኛ ዓመት እናራዝምላታለን። ለማንኛውም ኮሚቴ ተቋቁሟል።»

ኮሚቴው ሰባት አባላት ነበሩት፤ ሰብሳቢው ምክትሉ፣ ጸሐፊዋ መምህርት ዘነበች። መጋቢት ላይ ታደለ ቀርቦ እንዲያስረዳ ተጠራ። ሰብሳቢው ስለ አካታችነት ምንነት፣ አስፈላጊነት፣ ተግዳሮትና መልካም አጋጣሚ ሩብ ሰዓት ያህል ከተናገሩ በኋላ «ወላጅ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው፤ በአጭሩ» አሉ።

ታደለ ተነሣ። ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ለኮሚቴው ሰጠና በለሆሳስ መናገር ጀመረ።

አባላቱ ተያዩ። «አልሰማንዎትም!» አለ አንዱ።

ታደለ ቀጠለ። እጁን እያወናጨፈ ለመስኮቱ ያስረዳል።

«አቶ ታደለ፣ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት እንጂ!»

አሁንም ቀጠለ። አቶ ሰይፈሥላሴ ጠረጴዛውን መቱት። «ኧረ ወደዚህ ይዙሩ ሰውዬ! ጀርባ ነው እንዴ የምናዳምጠው?»

ታደለ ዞረ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ልጄ ሰባት ወር ጀርባ ነው ያዳመጠችው» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ ኮሚቴው ወደ ራሱ ተመልሶ ሁለት ውሳኔ አሳለፈ። አንደኛ፣ ዋናው ጉዳይ ለተጨማሪ ጥናት እንዲተላለፍ። ሁለተኛ፣ የወላጁ አቀራረብ ከስብሰባ ሥነ ሥርዓት ውጭ ስለነበር ለወደፊቱ እንዲታረም። «ጻፊ እንጂ» አሉ ሰብሳቢው። መምህርት ዘነበች ግን እስክሪብቶዋን እንደያዘች መስኮቱን እያየች ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ዘነበች ክፍል ከመግባቷ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እያንዳንዱ ተማሪ የት እንደሚቀመጥ ይናገራል። መምህሩ የት እንደሚቆም የሚለው ነገር የለም።

ገባች፤ ማባዛቱን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ጨረሰች፤ ሲጽፉ ዝም ማለት እንደሚቻል ያን ዕለት ነው ያወቀችው። ከዚያ መጽሐፏን ይዛ በወንበሮቹ መሀል እስከ አምስተኛው ረድፍ ድረስ ሄደች፣ ፊቷን ወደ በሩ ጥግ አዙራ ቆመች፣ ማስረዳትም ጀመረች። ሊያ መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ዞራ መምህርቷ ማንን እንደምታናግር ፈለገች። ከግድግዳው በቀር ማንም የለም። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ እጇን አወጣች።

«ሃምሳ ስድስት!» አለች፤ የራሷን ድምፅ መጠን ስለማታውቀው ጮክ ብላ። ልጆቹ ሳቁ። ዘነበችም ሳቀች። መልሱ ግን ሃምሳ ስድስት ነበር።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ወላጅ መምህራን ማረፊያ ክፍል ድረስ ተቆጥተው መጡ። ልጃቸው ከክፍሉ ሁለተኛ የምትወጣ፣ ፊት ረድፍ የምትቀመጥ ጎበዝ ተማሪ ናት። ቤት ሄዳ «ቲቸር ጀርባዋን ሰጥታን ነው የምታስተምረው፤ ምንም አይሰማኝም» ብላ አልቅሳባቸዋለች።

«ይህ በሕፃን ላይ የሚፈጸም በደል ነው!» አሉ ወላጁ። «እንዴት ነው ልጄ የመምህሯን ፊት ሳታይ የምትማረው?»

ወላጁ አቶ ሰይፈሥላሴ ነበሩ።

«ምን ይሻላል ታዲያ?» አለች ዘነበች። «ፊቴ አንድ ነው። ወይ እዚያ ይሆናል፣ ወይ እዚህ።»

ምክትሉ ማመልከቻ አልጻፉም። ልጃቸውን ሜዳ አላስወጡም፤ ኮሚቴም አልጠሩም። በዕረፍት ሰዓት ኮታቸውን አውልቀው፣ ከጥበቃው ጋር ሆነው ወንበሮቹን እየጎተቱ በግማሽ ክብ አደረጓቸው፤ መምህርቷ መሀል ስትቆም ስልሳውም ልጅ ፊቷን ያያል። ደወሉ ሳይደወል ጨረሱ። ባለማኅተሙን ሠንጠረዥም ራሳቸው ከግድግዳው ላይ ላጡት፤ ለግማሽ ክብ አያገለግልም።

ሊያ በግማሽ ክቡ ግራ ጫፍ፣ ቀኝ ጆሮዋን ለመምህርቷ ሰጥታ ተቀመጠች። ሰኔ ላይ ሃያ ሁለተኛ ወጣች። ታደለ ካርዷን ፋብሪካ ወስዶ፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ ለባልደረቦቹ አንድ በአንድ ፊታቸው ቆሞ በከንፈሩ «ሃያ ሁለተኛ!» አለ። አንድም ሳይሰማው የቀረ የለም።

ያን ሰሞን ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች መጥተው ክፍሉን አዩና ተደነቁ። እንዲህ ያለ አቀማመጥ ሌላ ቦታ አላጋጠማቸውም ነበር።

«ሐሳቡ እንዴት መጣላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ምስጢሩ የወላጅን ድምፅ ማዳመጥ ነው» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ። «አንድ ወላጅ ቅሬታ አቀረቡ፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ምላሽ ሰጠናቸው።»

ጎብኚዎቹ ይህን በማስታወሻቸው ላይ «ምርጥ ተሞክሮ» ብለው መዘገቡት። የቡድኑ መሪም በስሜት ተነሣና፣ «ለልጃቸው መብት እንዲህ የቆሙትን እኚያን ወላጅ በእኛ ስም አመስግኑልን» አለ።

አቶ ሰይፈሥላሴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በትሕትና ጎንበስ ብለው ምስጋናውን ተቀበሉ።