ዓይን ያየው፣ ልብ የጨመረው

ሰው ፊቱን ሲያጠቁር ምክንያቱን ከራሱ ቀድማ የምታውቀው ጎረቤቱ ናት። እኔን ጠይቁኝ። የመን ኤደን ከተማ፣ ተዋሂ ሰፈር ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ስኖር፣ የትኛው ባል ከየትኛዋ ሚስት ጋር እንደተኮራረፈ ከመስኮቴ ሆኜ እለያለሁ፤ ያላየሁትንም እሞላዋለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ምቀኞች።

ከድጃ ያገሬ የወሎ ልጅ ናት፤ ከመስኮቴ ትይዩ ባለው ቤት ሠራተኛ። ታዲያ አንድ አመል ነበረባት፤ ማዳሟ ፊት ከነሳቻት «ጠረጠረችኝ» ትልና ማንም ሳያባርራት ሻንጣዋን ይዛ ውልቅ። እዚህ ደግሞ የሸሸ ሁሉ ሌባ ነው። ስንቱን ቤት እንዲህ ለቀቀች፤ ስሟም አብሮ ጠፋ።

በቀደም ክሊኒክ ለሴቶች ትምህርት አለ ተብላ ሄደች። አስተማሪዋ፣ ልባችሁ ሲግል ቶሎ አትነሱ፣ ዓይን ያየውን ለብቻ፣ ልብ የጨመረውን ለብቻ አስቀምጡ፣ ከዚያ ጠይቁ ብላ መከረቻቸው። ከድጃ ይህን ስትነግረኝ ተቀየምኩ። የልብ ጭማሪው ከተለየ እኔ ምን ላወራ ነው?

ሐሙስ ዕለት ማዳሟ የጓዳውን ቁልፍ ያለ አንድ ቃል ተቀበለቻት። ልጅቱ እኔ ዘንድ መጣች። በቃ ሌባ ብላሻለች፣ ሻንጣሽን ያዢ አልኳት፤ ምክሬ መቼም ፈጣን ነው።

ተቀመጠች። ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እታለም፣ ዓይኔ ያየው ቁልፍ ነው። ሌባ የሚለውን የጨመርነው እኔና አንቺ ነን» ብላኝ ተመልሳ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በመስኮቴ ሰማሁ። ከድጃ ጠርጥረሽኝ ነወይ ብላ ፊት ለፊት ጠየቀች። ማዳሟ አልዋሸችም፤ አዎ፣ ጣፋጩ ሐልዋ ከሳጥኑ እየጎደለ ነው አለች። የፈራችው ደረሰ። አሁን ታለቅሳለች ስል፣ ድምጿ እንኳ ሳይሰበር፦

«ማዳም፣ ዓይንሽ ምን አየ?»

«ሳጥኑ ጎድሎ።»

«እኔ ስወስድስ?»

«እሱንስ አላየሁም።»

አብረው ሲፈልጉ ሐልዋው ስኳር በሽታ ካለባቸው ከማዳሟ አማት ትራስ ሥር ተገኘ። አሮጊቷ ጂን ነው ያስቀመጠው ብለው ድርቅ አሉ። ማዳሟ ግን አፍራ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሻንጣውም ከአልጋው ሥር ሳይነሳ ቀረ።

በማግስቱ ማዳሟ ባሏ ስልክ አላነሳም፣ ሌላ ሴት ጋ ነው ብላ ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ ጓዳ ገባች። ከድጃ ወንበር ሳበችላት።

«ተቀመጪ» አለቻት።

ኤደን ውስጥ ሠራተኛ ማዳሟን «ተቀመጪ» ስትል፣ ማዳሟም ስትቀመጥ ያየሁ እኔ ነኝ። ይህንን ደግሞ ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት።