አለቃነቴ አለቀ

የሰውን ማዕረግ ሳያውቅ እህል ውሃ ከጉሮሮው የማይወርድለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በደርግ ዘመን፣ በደብረ ታቦር ከተማ፣ ይህ ሸክም የወደቀው በአቶ ጌጡ ትከሻ ላይ ነበር። ለቅሶ ቤት ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ለየትኛው ሹም ከወገብ፣ ለየትኛው ከአንገት ብቻ ጎንበስ እንደሚባል የሚበይኑት እሳቸው ናቸው። «ደረጃው ይታወቅ!» ይላሉ። ባለቤታቸው ዓለሚቱ፣ ዶሮዎቿ እንኳ ቆጥ ላይ የሚወጡት የእሳቸውን ፈቃድ ጠይቀው ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን የካቶሊክ መነኮሳት ከሚያክሙበት ክሊኒክ አዋላጇ ሲስተር ክላራ እነ ዓለሚቱ ቤት መጥታ፣ «የማኅበራችን አለቃ ከሮም ትመጣለች። ወደ ሌላ አገር ልትልከኝ ነው» አለች።

ዓለሚቱ ክው አለች። ልጇን ጥሩወርቅን ሁለቴ አስወርዷታል፤ ሦስተኛው ጽንስ የረጋው በዚች ሴት እጅ ነው። አቶ ጌጡ ግን የሰሙት አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

«ሴት አለቃ? የየትኛው ደብር?»

«የአምሳ ናት የመቶ?» አለ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጓድ ወርቁ፣ ጠመንጃውን እያስተካከለ።

አቶ ጌጡ ሲያሰላስሉ ሰንብተው በየኑ፤ «ከጳጳስ በታች፣ ከሻምበል በላይ።»

አለቃዪቱ ሲስተር ሉቺያ መጡ። ቀጭን፣ ጠጉረ ነጭ፣ በስንት አገር የተበተኑ መነኮሳትን የሚያዙ ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲያገለግሉ የለመዷት ጥቂት አማርኛም አለቻቸው። አቶ ጌጡ ጋቢያቸውን አደግድገው ከወገብ ጎንበስ አሉ።

«ክብርት አለቃ ሆይ፣ ይችን አዋላጅ አይውሰዱብን!»

«እወስዳለሁ። በሌላ አገር በብርቱ ይፈልጓታል» አሉ ሉቺያ። ዓለሚቱን አይተው ግን፣ «ልጅሽ ሳትወልድ ሰው ይመጣል» ብለው ጨመሩ።

ክረምቱ አለፈ። ማንም አልመጣም። ዓለሚቱ አውቶቡስ ሲያጓራ በሰማች ቁጥር ከቤት ብቅ ትላለች። የጥሩወርቅ ወር ሲገባ አንዲት ሴት አሮጌ ሻንጣ አንጠልጥላ ወረደች። ሉቺያ ራሳቸው ነበሩ።

«አጃቢስ?» አሉ አቶ ጌጡ ደንግጠው።

«አለቃነቴ አለቀ» አሉ ሉቺያ እየሳቁ።

በዚያ ዘመን የተሻረ ሰው እየሳቀ አይመጣም። አቶ ጌጡ ሰፈሩን ሰብስበው፣ ዳቦ አስይዘው፣ ሊያጽናኑ ሄዱ።

«እግዜር ያጽናዎት! ማን አሳበቀብዎት?»

«ማንም። እኛ አለቃ የምንመርጠው ለተወሰነ ዘመን ነው። ሲያልቅ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። እኔ አዋላጅ ነኝ።»

«ያለ ግልበጣ?» አለ ጓድ ወርቁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጥሩወርቅን ምጥ የያዛት በዚያው ሳምንት ነው። ጭንቅ ሆነ። ዓለሚቱ ማርያም ማርያም ስትል፣ ብዙ መነኮሳትን ያዝዙ የነበሩት ሴት እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበርክከው ነበር። ረፋዱ ላይ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ።

የክርስትናዋ ዕለት አቶ ጌጡ እንደ ወትሮው እንግዳውን በየደረጃው እየደረደሩ ሳለ ሉቺያ ገቡ። ጓድ ወርቁ አቶ ጌጡን በክርኑ ነካ አደረጋቸው።

«ጋሼ ጌጡ፣ የተሻረ አለቃ የት ይቀመጣል? ደረጃው ይታወቅ እንጂ!»

አቶ ጌጡ ወደ ጣሪያው አዩ። ወደ ሉቺያ እጆች አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሳቸውን ደረጃ… አላውቀውም። ከላይ ይቀመጡ።»

ዓለሚቱ ባሏ «አላውቀውም» ሲሉ ሰምታ አታውቅም። እልልታዋን አቀለጠችው። እንግዶቹ ለልጅቷ መሰላቸውና ተቀበሏት።