የፓምፑ የክብር ቦታ

«ቦታው ከኋላ ነው፤ ያውም ከታች፣ ሰው በማያይበት በኩል» አለ የስልኩ ድምፅ።

ጋሽ ፕሮቶኮል ያነሱት የሻይ ብርጭቆ አየር ላይ ቀረ። የልጃቸው ሠርግ ቅዳሜ ነው። የሙሽራው አጎት ስለ አዳራሹ አቀማመጥ እደውላለሁ ብሎ ነበርና እሱ መሰላቸው።

«እኔን ነው ከታች? የሙሽራዋን አባት?»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን ማን ደፍሮ! ፓምፑን ነው እንጂ። ባለጋራዡ ነኝ። ከነዳጅ ታንኩ አጠገብ ልሰረው?»

ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ብሎ ሻዩን ይጠጣ ነበር። ጋሽ ፕሮቶኮል ግን ይበልጥ ደነገጡ። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት እንግዳ ሲያስቀምጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ማን ከማን በስተቀኝ እንደሚቀመጥ፣ የማን ወንበር መደገፊያ እንዳለውና የማን እንደሌለው እሳቸው ሳይወስኑ ስብሰባ ተከፍቶ አያውቅም። ስብሰባው ምን ወሰነ ብለው ግን አንድም ቀን አልጠየቁም፤ የሥራ ድርሻቸው አልነበረምና።

ጡረታ ሲወጡ በሥልጣናቸው ሥር የቀረችው አንዲት አሮጌ መኪና ብቻ ናት። አባታቸው ነድተዋታል፤ እሳቸውም ባለቤታቸውን ሲያገቡ ያመጧቸው በእሷ ነው። ልጃቸው ገና ጥርሷን ሳትቀይር «እኔንም በዚህች ነው የምትድረኝ» ብላ ቃል አስገብታቸዋለች። የነዳጅ ፓምፑ ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው ቢሞት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ ከባሕር ማዶ አስመጡ። የወደፊቱ አማች «አባባ፣ ለማንኛውም የኪራይ መኪና ልያዝ?» ቢላቸው አኩርፈውት ሰነበቱ። ልጃቸውን በሰው መኪና ከሚሸኙ ሠርጉ ባይኖር ይሻላቸዋል።

ከረባታቸውን አስረው ጋራዥ ደረሱ።

«ለመሆኑ ይህ ፓምፕ በአውሮፕላን የመጣ እንግዳ አይደለም?»

«ነው ጋሼ።»

«ታዲያ እንግዳ ከጓሮ በኩል፣ ጭቃ በሚረጭበት ነው የሚቀመጠው?»

ባለጋራዡ በካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አሳያቸው። ሥዕሉ ፓምፑን ከታንኩ አጠገብ ዝቅ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ፓምፑ ነዳጅ መግፋት እንጂ ከሩቅ መሳብ አይሆንለትምና። ጋሽ ፕሮቶኮል ሥዕሉን በሐዘኔታ ተመለከቱት።

«ይህን የሣለው ሰው አስተዳደግ ይጎድለዋል» አሉ።

ባለጋራዡም ከመኪና ሥር በጀርባ መተኛት የማይወድ ባለሙያ ስለነበር፣ «እኔም ይኸው ነበር ሐሳቤ» አለ። ሁለት ወገኖች እንዲህ በቅን መንፈስ ሲግባቡ፣ ጉዳዩ የሚመለከተውን ሦስተኛ ወገን መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ሞተሩ አልተጠየቀም።

ማታ ባለቤታቸው «የት አደረጋችሁት?» አሏቸው።

«ከፊት! ከሞተሩ በላይ። ኮፈኑ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው እሱ ነው።»

«እዚያ አይሞቀውም?»

«ክብር መቼም ትንሽ ያሞቃል።»

«ምከረው፣ ምከረው…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ቀሪውን ባልየው በቃላቸው ይዘውታል፤ ብዙ ጊዜ ተተርቶባቸዋል።

ዓርብ በማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ በጎረቤት ፊት የምረቃ ሥነ ሥርዓት ተካሄደ። ጋሽ ፕሮቶኮል ኮፈኑን እንደ መጋረጃ ቀስ አድርገው ገለጡ። «ለእያንዳንዱ ዕቃ ተገቢ ቦታውን የሰጠ ሰው፣ ለአገርም ለቤተሰቡም…» እያሉ ንግግራቸውን ሲያረዝሙ አንዱ ጎረቤት ቢያስነጥስ፣ ንግግሩ ያለቀ መስሎት የቀረው ሰው አጨበጨበ። መኪናዋም ተነሣች፤ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞራ ተመለሰች። ውሳኔው በተግባር ተረጋገጠ ተባለ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሙሽራዋና እናቷ ከኋላ፣ ጋሽ ፕሮቶኮል ከመሪው ጋር። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ እንደ ጨዋ እንግዳ ጉሮሮዋን ጠረገችና ዝም አለች።

ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ፓምፑ በክብር ቦታው ላይ ተሰይሞ ይንጣጣል፤ ነዳጅ ግን የለም። የሞተሩ ግለት ነዳጁን ቱቦው ውስጥ እንፋሎት አድርጎት፣ ክቡርነቱ ባዶ አየር ይስባል። ድምፁ ብዙ፣ ሥራው ምንም። እንዲህ ያለውን ከፊት ሲያስቀምጡ የኖሩት እሳቸው ናቸውና ብዙም አልገረማቸውም።

መንገደኛው ሊገፋላቸው ተሰበሰበ። ያን ጊዜ የድሮው ሞያ ደማቸው ውስጥ ተነሣ።

«ቆይ፣ ቆይ! በዘፈቀደ አይገፋም! ሽማግሌው በቀኝ፣ ጎረምሶች በግራ። ትራፊክ ፖሊሱ ከመሐል ይሁኑ፤ መንግሥት ናቸው።»

«እኔ የመጣሁት ልቀጣዎት ነው» አለ ትራፊኩ።

«ይደርሳል፤ መጀመሪያ ቦታዎን ይያዙ።»

«ኧረ አባት፣ ለመግፋትም ወንበር አለው እንዴ?» አለ አንዱ ጎረምሳ፣ እጁን ኪሱ ከቶ። ሌላው ሳቀ። ሰልፉ ሲስተካከል የሚገፋው ሰው አንድ በአንድ ሳሳ።

ሙሽራዋ ሰዓቷን አየች። አዳራሹ ውስጥ ሙሽራው ላቡን እየጠረገ እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ቀሚሷን ሰብስባ ወረደችና ለሚኒባስ እጇን ዘረጋች።

«ጋቢና ሞልቷል! ከኋላ ሦስት ሰው!» አለ ሾፌሩ።

እናትና ልጅ ገቡ። ቬሉ በተሳፋሪ ጉልበት ላይ ሁሉ ተዘረጋ። ሦስተኛው ቦታ ባዶውን ነው።

«አባዬ፣ ና ግባ! ያለ አንተ አልገባም አዳራሽ!» አለች ልጅቱ።

ጋሽ ፕሮቶኮል አንድ እግራቸውን ከበሩ ደፍ ላይ አሳረፉ። ጋቢና የተቀመጠውን የሽንኩርት ነጋዴ በዓይናቸው መዘኑት። እግራቸውን መልሰው አወረዱ።

«የሙሽራ አባት፣ ከመጨረሻው ወንበር? ሰው ምን ይላል? እስቲ ከፊት ያሉትን ሰውዬ በጨዋ ደንብ ላነጋግራቸው…»

ሾፌሩ ሞተሩን አስጓራ። ባለቤታቸው በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«አንተ ቆመህ በደንብ አስብበት፤ ሠርጉ እንዴት እንደነበር ማታ እንነግርሃለን።»