ከአንድ እንቁላል

ወንዱ ልጄ ዮናታን ባለፈው ዓመት በትኩሳት ሞተ። ስድስት ዓመቱ ነበር። መንትያው ሶስና አለች።

ሰው መንታ ሲያይ ጥያቄ አያልቅበትም። ማን ቀደመ? ማን ያስቸግራል? የኛዎቹን ሲያይ ደግሞ አንድ ይጨምር ነበር፤ ወንድና ሴት ሆነው እንዴት ፊታቸው ቁርጥ አንድ ሆነ? እኔም «አባታቸውን መስለው ነዋ» እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። መልኬን ብታዩት ትስቁብኛላችሁ።

እውነተኛው መልስ የመጣው ዘንድሮ ነው። ሶስና ቁመቷ አልጨምር ስላለ ተመረመረች። ሐኪሟ እንዳለችን ሁለቱም የተገኙት ከአንድ እንቁላል ነው። ወንድ የሚያደርገው ዋይ ክሮሞዞምም ሲጀመር ነበረበት። ኋላ ግን በሶስና በኩል ያሉት አብዛኞቹ ህዋሳት ጣሉት፤ ሴት ሆነች። ጥቂቶቹ አልጣሉትም። በዚህ የተነሳ የሴት እንቁላል ማምረቻ ሊያድግበት በሚገባው ቦታ የወንድም የሴትም ሳይሆን የቀረ ቀጭን ሥጋ አለ። ቢቆይ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በቀዶ ሕክምና ይውጣ አለች።

«ላስብበት» አልኳት።

ድሬ ላይ ደግሞ ብቻውን የሚያስብ ሰው የለም። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሁሉንም ፍራሽ ላይ ሲጥል፣ ጫቴን ይዤ መጋላ ሰፈር ጓደኛዬ ሙክታር ቤት ገባሁ። ሙክታር ባጃጅ ይነዳል። በርጫ ላይ ግን ፕሮፌሰር ነው።

«አቦ ተወኝ፤ አንድ እንቁላል ሁለት ዓይነት ጫጩት አያወጣም» አለኝ።

እንደተነገረኝ አስረዳሁት። ሊጎርስ ያነሳውን ቅጠል መልሶ አስቀመጠ።

«እና የዮኒ ነገር እሷ ውስጥ አለ በለኛ። አብሽር።»

ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔን ግን አሰረኝ። አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ከእሱ የተረፈውን በገዛ አፌ ቆርጣችሁ ጣሉት ልበል? ላቆየው ብዬስ እሷን ብነጠቅ?

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ይህንኑ ነገርኳት። ሶስና ለካ በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

«አባ፣ ሊያወጡብኝ ያሉት የዮኒን ነው?»

ዓመት ሙሉ ፊቷን ባየሁ ቁጥር የማየው እሱን ነበር። አሁን የፈራው ፊት ግን የእሷ ነው።

«አይደለም። የራስሽ ነው። የሚያወጡት ስለማይጠቅምሽ ነው።»

«ያማል?»

«ሲያወጡት ተኝተሽ ነው። በኋላ ትንሽ ያምሻል።»

«አንተ ትኖራለህ?»

«እኖራለሁ።»

አሰበችበት። ከእኔ ፈጥና ጨረሰች።

«እሺ» አለች።

ወጥቼ ለሐኪሟ ደወልኩና ቀን እንድትይዝልን ነገርኳት።