ሹክሹክታ የማይገባት ፋርማሲስት

በየሰፈሩ አንዲት ፋርማሲስት አትጠፋም፤ በጆሮዋ የነገሯትን ለሰልፉ ሁሉ የምታውጅ። የእኛይቱን ክብርት እመቤት "ማይክራፎን" እንላታለን። ዕውቀቷን የሚጠራጠር የለም። የሚፈራው ጉሮሮዋ ነው። "የእከክ ቅባት የማነው?" ብላ ስትጣራ፣ ቅባቱን ትቶ እከኩን ይዞ የሚሄደው ይበዛል።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊም ይህን ስለምታውቅ ሰበብ አዘጋጅታ ነው ወደ ፋርማሲው የመጣችው። ከባሏ ጋር በኋላ በኩል የሚደረገውን ግንኙነት ሊሞክሩ አስበዋል፤ ንጽሕናው ግን አስጨንቋታል። ፀጉር ሠሪዋ "ውስጡን በሳሙና ውሃ ማጠብ ነው" ብላ መከረቻት። አጠበች፤ ሲያቃጥላት ዋለ።

"የውስጥ ማጠቢያ ጎማ ፈልጌ ነበር" አለች በቀስታ። "ለአክስቴ። ድርቀት ይዟቸው።"

"ለአክስትሽ? ትናንት የተቅማጥ መድኃኒት የሰጠኋቸው እኔ አይደለሁም እንዴ! በአንድ ሌሊት ደረቁ? ኧረ ይሄ ለሐኪም ነው!" ማይክራፎን ስልኩን አነሳች።

አክስቷ በአምቡላንስ ከመወሰዳቸው በፊት እውነቱን መናገር ግድ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ ነገረቻት፤ ሳሙናውንም ጨምራ።

"ሳሙና! የኔ እመቤት፣ ፊንጢጣ ያረረ ድስት ነው እንዴ? ስስ ነው፤ ይላጣል። ደምቷል?"

"አልደማም። ኧረ ቀስ ይበሉ ዶክተር፣ በሞቴ!"

"ደግ። እንግዲያው እስኪሽርሽ ማጠብም ግንኙነትም የለም። ከዚያ በኋላም ብዙውን ጊዜ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ውጪውን በውሃ መታጠብ ይበቃል። ውስጡን ካላጠብኩ ካልሽ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ትንሽ፤ የጎማውን ጫፍ ማለስለሻ ቀብተሽ፣ ሳትጫኚ። የሻወር ቱቦ እንዳታስጠጊ! ውሃው ወጥቶ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ታገሺ። ቶሎ ቶሎ አይደረግም። ካመመሽ ወይ ደም ካየሽ አቁመሽ ሐኪም ጋ። ኮንዶም እንዳትረሱ፤ ማለስለሻውም በውሃ የተሠራው ይሁን፣ ዘይት ኮንዶም ይቀድዳል።"

ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከኋላዋ ግን የሳቀ የለም። ሰልፉ ላይ የነበሩ ከዘራ የያዙ አንድ ጡረተኛ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ "ከሳሙናው በኋላ ያለውን አልሰማሁትም፤ ልጄ፣ እስቲ ከፍ አድርጊው" አሉ።

ከፍ አደረገችው።

ልብስ ሰፊዋ ጥቅሏን በብብቷ ሸጉጣ በሩ ጋ ስትደርስ ድምፁ ተከተላት።

"ስሚ! ዋናውን ረሳሁት! አንቺ ካልፈለግሽ አይሆንም በይው! ባሌ ነው ብለሽ እንዳትታፈኚ!"

ልብስ ሰፊዋ ቆመች። ፀጉር ሠሪዋ ስለ ሳሙናው ስታወራ፣ ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ አልጠየቀቻትም። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው እስከ ዛሬ የለም። ይህችን ጯሂ ተመልሳ ልታቅፋት አማራት።

"ዶክተር፣ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ!" አለች፤ ጡረተኛው ብቻ ሳይሆኑ መንገድ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ጭምር በሚሰማው ድምፅ።