አሥራ ስምንት ደረጃ

ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚሠራና የሚታይ። የሚሠራው ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የግል ጉዳዩን ሲያሯሩጥ የሚውለውን ሰውዬ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮቱ ቢሮ ስላለ እሱም ቢሮ አለ። አለቃ መጥቶ ቢጠይቅ "አሁን እዚህ ነበር" ይባላል፤ ለምስክርነት ኮቱ ይጠቆማል። በዚህ ሰውዬ ስቄ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ኮሮና መጥቶ "ከቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ" በተባልን ጊዜ ግን ሰውዬው እኔው ሆኜ አረፍኩት።

በሙያዬ ጤና መኮንን ነኝ። የምሠራው ቦሌ፣ ከአየር ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያጠፋሁት እኔ እንጂ እሱ አይደለም። ሕመምተኛ ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ነጭ ጋወኔን ሰቅዬ የሥራ አፈጻጸም ክትትል ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ የማየው የሰው ምላስ ሳይሆን የሠራተኛ ሪፖርት ነው። እናም በዚያ ክፉ ሰሞን ነርሶቹ ፕላስቲክ ለብሰው፣ ፊታቸው በማስክ ተልጦ ሲሠሩ፣ እኔ ጎሮ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሥራቸውን እቆጥር ነበር። ከላይ ሸሚዝና ክራቫት፣ ከታች የፒጃማ ሱሪ። ካሜራው የሚያየኝ እስከ ደረቴ ነው፤ እኔም የምሠራው እስከዚያው ድረስ ነበር።

ፎርም አዘጋጀሁ። ፎርም ስላችሁ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ይኼኛው ራሱን በራሱ ቀለም ይቀባ ነበር። ቫይረሱ ተገኝቶባቸው ቤታቸው ለተቀመጡ ሰዎች በየቀኑ ስልክ የሚደውሉ ነርሶች ነበሩን። ነርሷ በቀን ለአርባ ሰው ከደወለች አረንጓዴ፣ ለሃያ ከደወለች ቢጫ፣ ከዚያ ከወረደች ቀይ ትሆናለች። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ፈቅጃለሁ። ትኩሳት አለ? ሳል አለ? ትንፋሽ ያጥርዎታል? በሉ ቻው። ሦስት ደቂቃው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ቢጠይቀኝ እንቁላል እየቀቀልኩ ሳለ እንደታሰበኝ እነግረው ነበር።

ሲስተር ዘይነባ ሁልጊዜ ቀይ ነበረች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው መገናኛ ጨርቅ የሚሸጡ ናቸው፤ እሷም የነጋዴ ልጅ ናትና ሰው የምታናግረው እንደ ደንበኛ አስቀምጣ ነው። ሌሎቹ አርባ ሲደውሉ እሷ አሥራ አንድ ትደውላለች። አንድ ቀን ጠዋት በኦንላይን ስብሰባ ላይ፣ ሠላሳ ሰው እየሰማ፣ ስሟን ጠራሁ። አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

"ሲስተር፣ ትናንት ከአንድ ሰው ጋር አርባ ደቂቃ አውርተሻል። ምን ስትጨዋወቱ ነው?" አልኳት።

"ሽማግሌ ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ደህና ነኝ ነው የሚሉት፤ ስለዚህ ስለ ድሮ ሥራቸው እያስወራሁ ትንፋሻቸውን እቆጥር ነበር።"

"ትንፋሽ መቁጠሪያ ቦታ ፎርሙ ላይ የለም" አልኩ እኔ፣ ጤና መኮንኑ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቁን እንደ ምስጋና ወስጄው ክራቫቴን አስተካከልኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ዓይነቱ ነው፤ ከታች ፒጃማ የለበሰ ሰው የሌላውን ሥራ ሲለካ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። ዘይነባ ናት።

"መስፍን፣ አንተ ጎሮ አይደለህም እንዴ? ብሎክ አሥራ ሰባት?"

"ነኝ፤ ምነው?"

"ትናንት የነገርኩህ ሽማግሌ እዚያው ብሎክ ናቸው። ጋሽ ወርቅነህ ይባላሉ። ትናንት ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱ ነበር። ማታ ላይ ግን በሦስት ነው የጨረሱት። ዛሬ ደግሞ ስልክ አያነሱም። አምቡላንስ ጠርቻለሁ፤ ተራ ጠብቂ ነው የሚሉኝ። አደራህን በራቸውን አንኳኳልኝ። መግባት የለብህም፤ ከውጭ ሆነህ ብቻ ጥራቸው።"

ጋሽ ወርቅነህን አውቃቸዋለሁ። ከበታቼ ናቸው፤ የኔ ወለል የሳቸው ጣሪያ ነው። አየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ኖረው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ልጃቸው ሐዋሳ ያገባች፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሳይመርቁኝ የማያሳልፉኝ ሰው ናቸው። እንደታመሙም አውቅ ነበር። ካወቅሁበት ዕለት ጀምሮ በበራቸው የማልፈው ትንፋሼን ይዤ፣ በሁለት በሁለት ደረጃ እየዘለልኩ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ የተናገረው ሰው እኔን አላገኘኝም።

ከኔ በር እስከሳቸው በር አሥራ ስምንት ደረጃ ነው። ማስክ ነበረኝ፤ አልኮል ነበረኝ፤ ሙያውም ነበረኝ። ወንድ ልጅ ምክንያት ሲፈልግ አያጣም፤ እኔ ግን ምክንያት እንኳ አልፈለግሁም። ፈራሁ። እውነቱ ይኼው ነው።

"ዛሬ ቢሮ ገብቻለሁ" አልኳት። "ስብሰባ ተጠርቼ ነው።"

ከዚያ "እሺ" ብላ ዘጋችው።

ውሸት ስትናገሩ የሚከብደው መናገሩ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የለም፤ የሚከብደው ከተናገራችሁ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ቢሮ ነኝ ስላልኩ ከቤት መውጣት አልችልም፤ ደረጃ ላይ ሰው ቢያየኝስ? ምንጣፉን ገልጬ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁና ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከታች ሳል ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ እመኑኝ ደስ አለኝ። ካሳሉ በሕይወት አሉ ማለት ነው፤ በሕይወት ካሉ ደግሞ እኔ መውረድ አያስፈልገኝም። ተነስቼ ጉልበቴን አራገፍኩና ፎርሜን መሙላት ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ሳሉ ሲጠፋ ግን ጆሮዬን መልሼ አልለጠፍኩም።

ዘይነባ መጣች። በዚያን ጊዜ ታክሲው በግማሽ ነው የሚጭነው፤ የመገናኛ ሰልፍ ደግሞ መጨረሻው አይታይም። እንዴት ብላ እንደደረሰች አላውቅም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶባታል። ድምፅዋን የሰማሁት ከታች ፎቅ ነው፤ በር ትደበድባለች። "ጋሽ ወርቅነህ! እኔ ነኝ፣ ዘይነባ! የስልኳ ልጅ!" መልስ የለም። ከዚያ ወደ ግቢው ወርዳ ወደየበረንዳው አንጋጣ "ቤቶች! እባካችሁ አንድ ሰው ይውረድልኝ! በሩን የሚገፋልኝ!" ስትል ሰማሁ። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አየኋት። በየበረንዳው ሰው ቆሟል፤ አንድም የወረደ የለም። ጠያቂ ቢመጣ እኔ ከነሱ በምን እለያለሁ? እነሱ ቢያንስ አልተደበቁም።

ከዚያ የብሎኩ ዘበኛ መጡ። ዕድሜያቸው ከጋሽ ወርቅነህ ብዙ የማያንስ ሰው ናቸው። ዘይነባ ማስክ አደረገችላቸው፣ ተጋግዘው በሩን ገነጠሉት፤ ሲሰነጠቅ ወለሌ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ወርቅነህን በምግብ ጠረጴዛቸው ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እሷ ከኋላ ዘበኛው ከፊት ሆነው፣ ደረጃውን ማውረድ ጀመሩ። አምቡላንሱም ያን ጊዜ የግቢው በር ላይ ደርሶ ነበር።

ግቢው መሐል ሲደርሱ ነው የኔ ኮምፒውተር የጮኸው። የዕለቱ ስብሰባ ረስቼው ተጀምሯል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼዋለሁ። የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ግቢውን ሞላው። "መስፍን! መስፍን፣ ትሰማናለህ?"

ዘይነባ ወንበሩን እንደያዘች ቀና አለች። መጋረጃው በእጄ ነበር። ክራቫቴንም አይታዋለች። ትሳደባለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ዕዳዬ በቀለለ ነበር። እሷ ግን መልሳ አጎነበሰችና ለዘበኛው "ቀስ አባባ፣ ቀስ" እያለች መንገዷን ቀጠለች።

ያን ቀን ወደ ማምሻው ሪፖርቷ ደረሰኝ። ሌላው ቢቀር ሪፖርት ሳትልክ አትውልም። "የተደወለላቸው ብዛት፦ ሁለት። መልስ የሰጠ፦ የለም።" ፎርሜም ወዲያው ቀይ ቀባው። አንደኛው ጋሽ ወርቅነህ ናቸው፤ ሁለተኛው ማን እንደሆነ ለናንተ መንገር የለብኝም።

ጋሽ ወርቅነህ ብዙ ቀን ኦክስጅን ላይ ሰንብተው ዳኑ። ከስተው፣ ከዘራ ይዘው ተመለሱ። በተመለሱ በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። አሥራ ስምንቱን ደረጃ እሳቸው ወጥተውታል።

"ልጄ" አሉኝ፣ በሩን ተደግፈው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ "ሲስተሯ ሁሉንም ነገረችኝ። ሳሌ ሲለወጥ ከላይ ሰምተህ የላክሃት አንተ ነህ አሉ። አንተ ባትኖር ይኼኔ አፈር ነበርኩ። ዕድሜዬን ለዕድሜህ ይጨምርልህ።"

ሲሄዱ ለዘይነባ ደወልኩ። ለምን እንዲህ እንዳለቻቸው ጠየቅኋት።

"ሆስፒታል ሳሉ 'ስመለስ ማን አለኝ?' እያሉ ያለቅሱ ነበር" አለች። "'ከላይዎ ሰው አለ' አልኳቸው። ወላሂ ሌላ የምላቸው አጣሁ። እንግዲህ አቶ መስፍን፣ ውሸታም አያድርጉኝ።"

እስከዚያች ቀን ድረስ አንተ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ኮሪደር ላይ ስታገኘኝም እርስዎ ነው የምትለኝ፣ በጣም በትሕትና።

ፎርሙን ቀየርኩት። የደቂቃውን ገደብ አነሳሁ፤ የትንፋሽ ቦታ ጨመርኩ። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ ዘይነባን ይቅርታ ልጠይቃት ቆርጬ ነበር፤ ግን "ለተሰጡ አስተያየቶች ምስጋና ይድረስ" ብዬ አለፍኩት። ይኼንንም እወቁልኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ውሸት ግን እያደር ከበደ። ጋሽ ወርቅነህ ያገኙትን ሰው ሁሉ ያስቆማሉ፤ ለባለሱቁ፣ ለዘበኛው ሳይቀር ይነግራሉ። ዘበኛው እኔን ያዩኛል፤ እኔ መሬት አያለሁ። ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ግን ጋሽ ወርቅነህ ተነስተው "ይኼ ልጅ ነው ያተረፈኝ!" ሲሉና ሰው ሲያጨበጭብ አልቻልኩም። ተነሳሁ። "እኔ አይደለሁም" አልኩ። "ቤቴ ነበርኩ። ለምናኝ ነበር፤ ፈርቼ አልወረድኩም። ያተረፈቻቸው ነርሷና እኚህ ዘበኛ ናቸው።"

ተገላገልኩ ስል ጋሽ ወርቅነህ ሳቁ። በከዘራቸው እየጠቆሙኝ፣ "አያችሁት?" አሉ። "ሲስተሯ ነግራኛለች። 'ቢክድ እንዳይሰሙት፣ መመስገን አይወድም' ብላኛለች።" ጭብጨባው ከመጀመሪያው ባሰ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ "እንዲህ ዓይነት ትሑት ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል" ስትል ሰማሁ። ዘበኛው ብቻ አላጨበጨቡም።

ዘይነባ ይህን ያደረገችው ይቅር ብላኝ ይሁን ቀጥታኝ እስካሁን አልገባኝም፤ ልጠይቃትም አልደፈርኩም። የማውቀው፣ ሽማግሌው ከላዬ ሰው አለ ብለው በእርጋታ እንደሚተኙ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት ወርጄ አንኳኳለሁ። ስለ ጭነት ክፍሉ ያወሩልኛል፤ አንዳንዴ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። ስነሳ ይመርቁኛል፤ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ።

ከዚያ ለሥራ ልለብስ ያን አሥራ ስምንት ደረጃ እወጣለሁ። መውረዱን እየለመድኩት ነው፤ ምርቃቱን ተሸክሞ መውጣቱ ነው የሚያስቸግረኝ።