ሳሎናችን ውስጥ የተሠራው ቤተ መንግሥት

ልጁን ትምህርት ቤት ያስመዘገበ ሰው ራሱም አብሮ እንደተመዘገበ የሚገባው ዘግይቶ ነው። እኔ የገባኝ ልጄ አምስተኛ ክፍል ስትደርስ ነው። ሒሳቡን እንደምንም ተወጣሁት፤ እንግሊዝኛውን እናቷ ያዘችልኝ። ጉልበቴን የጨረሰው ፕሮጀክት የሚሉት ነገር ነው። ፕሮጀክት ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ለልጅ የሚታዘዝ፣ አባት የሚሠራው፣ እናት የምትተቸው ሥራ ነው።

አንድ ዓርብ ማታ ከመገናኛ ሲ.ኤም.ሲ ድረስ ታክሲ ውስጥ ታሽቼ መጥቼ፣ ሶፋዬ ላይ ጋደም ከማለቴ ልጄ ሶልያና ከች አለች። ለታሪክ ትምህርት የጥንቱን የእንጦጦ ቤተ መንግሥት በሞዴል ሠርታ ሰኞ ክፍል ፊት ታስረዳለች። መቼ ታዘዛችሁ ብላት፣ ቆየ እኮ አለችኝ፤ ምንም እፍረት የላት! ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባለፈው ከካርቶን የሠራሁላት ግንብ ስታስረዳ ተደርምሶ ክፍሉ በሙሉ ስቆባታል። «አባዬ፣ በናትህ የአሁኑ መሳቂያ እንዳያደርገኝ» አለች። ይህን የሰማ አባት ተጋድሞ መቅረት ይችላል? ሞክሬ ነበር፣ አይቻልም።

ካርቶንን እርም አልኩ። እኔ እኮ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። ቤተ መንግሥቱም ቢሆን ያው እንጨትና ጭቃ ነው። ስለ ጭቃ ለእኔ ማን ሊነግረኝ? ቅዳሜ ጠዋት አባትና ልጅ ዳገቱን ወጣን። እሷ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ስትለቅም፣ እኔ ቀይ አፈር በፌስታል ሞላሁ፤ ጭዱን ፈረስ ከሚያከራይ ሰው ለመንኩ። ወገቤን ይዤ ቀና ስል ሩጫ የወጡ ወጣቶች አለፉኝ። በፈቃዱ ዳገት የሚሮጥ ሰው ልጅ የለውም ማለት ነው።

ጭቃ ታዲያ ሕግ አለው። ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ተረግጦ፣ ሰንብቶ መሽተት አለበት። ሳይብላላ ከተመረገ ይሰነጠቃል። ይህን አባቴ ስንት ጊዜ ነግሮኛል! አባቴ ግን አፓርታማ ውስጥ አልኖረም፤ አስቴርንም አላገባም። ባለቤቴ አስቴር የጭቃውን ባልዲ ሳሎን ውስጥ ስታየው፣ ወይ ባልዲው ወይ እኔ ከቤት እንድንወጣ ወሰነች። የሳሎኑን ግድግዳ ስንጥቅ ድፈንልኝ እያለች ስትለምነኝ ከርማለች፤ የእሷን ትቼ ለንጉሥ ቤት ምርጊት መጀመሬ አንገብግቧታል። እውነቷን ነው። ግን ንጉሥ ይቀድማል።

ስለዚህ ሳይብላላ መረግሁት። እሑድ በሚስቴ የፀጉር ማድረቂያ አደረቅሁት፣ ነጭ ቀለም ቀባሁት። ሲያምር! ክንዴ ዝሎ፣ ንጉሡ ራሳቸው ቢመጡ ይገቡበት ነበር እያልኩ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት ስንነሣ ቤተ መንግሥቱ ከጣሪያው እስከ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ሶልያና ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ የረገፈውን ፍርፋሪ በእጇ ጠራረገች። ከዚያም ቤቱን አቅፋ ትምህርት ቤት ገባች። ቀኑን ሙሉ ቢሮ የዋለው አካሌ ብቻ ነው። ልቤ እዚያ ክፍል ውስጥ፣ የልጆቹን ሳቅ ሲያዳምጥ ዋለ።

ማታ እየዘለለች መጣች። መምህርቷ ቤቱ ለምን ተሰነጠቀ ብለው ጠየቋት፤ ከኋላ መሳቅ የጀመሩ ነበሩ። ልጄ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ንጉሡ ጥለውት ወደ ታች ስለወረዱ ነው፤ ሰው የማይኖርበት ቤት ይሰነጠቃል» አለቻ! መምህርቷ አጨበጨቡላት። የሌሎቹ ሞዴል ሁሉ ገና ቁልፉ ያልተሰጠ ሪል ስቴት ይመስላል፣ የጥንት ቤት የሚመስለው ያንቺ ብቻ ነው ብለው ሙሉ ማርክ ሰጧት። ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ። ቤቱን ማን እንደሠራው የጠየቀ ባይኖርም፣ ቅር አላለኝም። ትንሽ ብቻ አለኝ።

አስቴርም ሰምታ ስቃ ስታበቃ፣ አሁን ምርጊት ተለማምደሃልና እሑድ የሳሎኑን ስንጥቅ ትደፍናለህ አለችኝ። እኔም ሶፋዬ ላይ እንደተጋደምኩ፣ ለልጅ የሠራ ሰበብ ለአባትም ይሠራል ብዬ፣ እሱንም ንጉሡ ጥለውት ወርደው ነው አልኳት።

አስቴር ቁልቁል አየችኝና፣ «ንጉሡማ መቼ ወረዱ? ስንጥቁ ሳይደፈን የቀረው እኮ ከሶፋው አልወርድ ብለው ነው» አለች።